ጡት ብቻ የለመደ ሕፃን ጡጦ እንዲይዝ፦ ወደ ሥራ ከመመለስ በፊት ያሉት ሳምንታት

ብዙ እናቶች ጡጦ የሚገዙት የወሊድ ፈቃዳቸው ሊያልቅ አራት አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ሕፃኑ ጎማውን በምላሱ ይገፋል፣ ይጮኻል፣ ፊቱን ወደ ጡት ያዞራል። በሦስተኛው ቀን "ይሄ ልጅ ጡጦ አይወድም" ይባልና ነገሩ ያበቃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ልጁ ጡጦ ጠልቶ አይደለም። የሚሰጠው በጣም ርቦት እያለቀሰ፣ እናቱ አቅፋው ጡቷ እየሸተተው፣ ወተቱም ከጎማው እንደ ቧንቧ እየወረደበት ነው። ሦስቱም በዝግጅት የሚስተካከሉ ናቸው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ጡጦ ልምምድ ነው፣ ምግብ አይደለም። ሆዱ የሚሞላው በጡት ነው። ይህን ካልተቀበላችሁ የቀረው ሁሉ አይሠራም።

1. ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ተከታታይ ቀን ነው። ስለዚህ ሥራ የምትገቡት ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ ጡጦን ለማስተዋወቅ ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። እስከ ሦስት ወር ገደማ ሕፃን ላንቃው ሲነካ ሳያስበው ይጠባል፤ ሰውነቱ ራሱ ያዘዋል። ከሦስተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ግን መጥባት በፈቃዱ የሚያደርገው ነገር ይሆናል። ያኔ የማያውቀውን ነገር መርጦ እምቢ ይላል።

ከ4ኛው ሳምንት በፊት አትጀምሩ። ወተታችሁ ገና እየተመጠነ፣ ልጁም ጡት አያያዝ እየተማረ ነው። ጥሩው ጊዜ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ነው። ያ ካለፋችሁ ደግሞ ሥራ ከመግባታችሁ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ በየቀኑ ተለማመዱ።

የክትባት ቀኖችን አስሉ። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ልጁ ይከተባል፤ በዚያ ቀንና በማግስቱ ይነጫነጫል፣ ሊያተኩሰውም ይችላል። በእነዚህ ቀናት አዲስ ነገር አትጀምሩ።

ሌላ የተለመደ ስህተት አለ። ልጁ በ5ኛው ሳምንት ጡጦውን ያለምንም ችግር ይይዛል፣ እናት "እሱስ አለቀ" ብላ ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ በ12ኛው ሳምንት ስታወጣው ጨርሶ ረስቶታል። አንዴ ከያዘ በኋላ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ 30 ሚሊ ሊትር ያህል መስጠታችሁን አታቋርጡ።

2. ዕቃውን አዘጋጁ

ሁለት ትንንሽ ጡጦ (ከ120 እስከ 150 ሚሊ የሚይዝ) ይበቃል። ልጁ የሚወደውን ሳታውቁ ስድስት ጡጦ ያለበትን ካርቶን አትግዙ።

ጎማው። ከጡጦው ይልቅ የሚያስቸግረው ጎማው ነው። ሲገዙ የሚታዩት ሁለት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የፍሰቱ መጠን ነው። በጣም ዝግተኛውን (0 ወይም 1 የሚል ወይም ለአዲስ የተወለደ የሚል ምልክት ያለበትን) ውሰዱ። "3 ወር+" የሚለው ጽሑፍ ለጡት ልጅ ትእዛዝ አይደለም፤ የሦስት ወርም የአምስት ወርም ልጅ ዝግተኛውን መጠቀም ይችላል። በቤት ለመፈተን ጡጦውን በውኃ ሙሉትና ገልብጡት። ጥቂት ጠብታ ወርዶ ከቆመ ወይም በዝግታ ጠብ ጠብ ካለ ጥሩ ነው። በቀጭን ክር የሚወርድ ከሆነ ለልጁ ይፈጥንበታል።

ሁለተኛው ቅርጹ ነው። ከጫፉ እስከ መሠረቱ ቀስ እያለ የሚሰፋውን ምረጡ። "እንደ ጡት" ተብለው የሚሸጡ አንዳንዶቹ መሠረታቸው በጣም ሰፊ፣ ጫፋቸው ደግሞ አጭርና ድንገት የሚወጣ ነው። ለዓይን ጡት ይመስላሉ፤ ልጁ ግን ጫፉን ብቻ እንደ ገለባ ይዞ ይቀራል፣ ከከንፈሩ ጥግም ወተት ይፈስበታል።

ጎማውን በጋለ መርፌ አታስፉ። በየቤቱ የሚደረግ ነገር ነው፣ አጥሚትም እንዲያልፍ ተብሎ ጭምር። ቀዳዳው ከሰፋ በኋላ ፍሰቱን መቆጣጠር አይቻልም፤ ልጁ ትን ይለዋል፣ ትን ያለው ልጅ ደግሞ ጡጦ ሲያይ መፍራት ይጀምራል።

ማጠብና መቀቀል። ከተጠቀማችሁ በኋላ ወዲያው ሁሉንም ክፍል ፈታቱ፤ ክዳኑ፣ ቀለበቱ፣ ጎማው ለየብቻ። በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና ለጡጦ ብቻ በተመደበ ብሩሽ እሹ። የጎማውን ውስጥ ገልብጣችሁ ማጠብ አትርሱ፤ የወተት ቅባት የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ ውኃ ሙሉ በሙሉ በሸፈነው ድስት ውስጥ ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ቀቅሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ደቂቃውን አታሳጥሩ። አውጥታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ደፍታችሁ አድርቁ፤ በወጥ ቤት ፎጣ አትጥረጉ። ጎማው ከተጣበቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ሲለጠጥ ካልተመለሰ ጣሉት።

3. ወተቱን አልቡና አስቀምጡ

ለልምምድ በቀን 30 ሚሊ ይበቃል። ብዙ ወተት የሚገኘው ጠዋት ነው። ልጁ ከጠባ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ አልቡ።

በእጅ ለማለብ፦
ሀ. እጃችሁን ታጠቡ። ጡቱን በሞቀ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ያዙት፣ በስሱም እሹት።
ለ. አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከታች ሆነው ከጡቱ ጫፍ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ አስቀምጡ።
ሐ. መጀመሪያ ወደ ደረት ግፉ፣ ከዚያ ጣቶቹን አገናኙ፣ ልቀቁ። ጣቶቹ በቆዳው ላይ አይንሸራተቱ። የጡቱን ጫፍ ብቻ መጭመቅ ያማል እንጂ ወተት አያወጣም።
መ. የመጀመሪያው ደቂቃ ምንም ላይወጣ ይችላል። ፍሰቱ ሲቀንስ ጣቶቹን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጡት እለፉ። በጠቅላላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ማንኪያ ቢወጣ "ወተቴ አልቋል" አትበሉ። የታለበው መጠን ልጁ ከጡት የሚያገኘውን አያሳይም፤ ልጅ ከፓምፕም ከእጅም የተሻለ ያወጣል።

የማቆያ ጊዜ፦
- ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል፦ እስከ 4 ሰዓት። ቆላ ላይ ወይም በሞቃት ቀን ከዚያ ያነሰ።
- ፍሪጅ ውስጥ፦ እስከ 4 ቀን፤ በር ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ።
- ፍሪዘር ውስጥ፦ እስከ 6 ወር።
- ከፍሪዘር ወጥቶ ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ፦ 24 ሰዓት፤ ድጋሚ ፍሪዘር አይገባም።
- ልጁ ጀምሮ የተወው፦ 2 ሰዓት፣ ከዚያ ይደፋል።

መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ፤ ተዘግቶ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከ4 ሰዓት በላይ ከጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ወተት አትመኑት። ፍሪዘር ውስጥ ያለው ግን መሃሉ ገና በረዶ ከሆነ ተመልሶ ሊቀመጥ ይችላል።

በየከረጢቱ ወይም በየዕቃው 30፣ 60 ሚሊ እያላችሁ ለየብቻ አስቀምጡ፣ ቀኑን ጻፉ። 150 ሚሊ በአንድ ላይ አቅልጦ 20 ጠጥቶ 130ውን መድፋት የሚያበሳጭ ነው።

ማሞቅ። ጡጦውን የሞቀ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቁሙ። እሳት ላይ አትጣዱ፤ በማይክሮዌቭም አታሙቁ፤ አንዱ ጎን ቀዝቅዞ ሌላው አፍ የሚያቃጥል ይሆናል። የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማችሁ ልክ ነው። ስቡ ከላይ ስለሚንሳፈፍ በቀስታ እያወዛወዛችሁ አዋህዱ።

ቅመሱት። ብዙዎች የሚዘሉት እርምጃ ይህ ነው። የአንዳንድ እናቶች ወተት ሊፔዝ የሚባል ስብ የሚሰባብር ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ በኋላ የሳሙና ሽታ ወይም ጣዕም ያመጣል። ለጤና አይጎዳም፤ ልጁ ግን ሊተፋው ይችላል፣ ቤተሰቡም "ጡጦ እምቢ አለ" ብሎ ይፈርዳል። ለማጣራት አንድ ቀን አሁን የታለበ፣ በማግስቱ የቆየ ስጡ። አዲሱን ጠጥቶ የቆየውን ከገፋ ችግሩ ይህ ነው። መፍትሔው ከታለበ በኋላ ወዲያው፣ ፍሪጅ ሳይገባ፣ በድስት ጠርዝ ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ እስኪታይ ብቻ ማሞቅ (እንዲፈላ አይደለም)፣ ከዚያ ዕቃውን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አድርጎ ቶሎ ማቀዝቀዝና ማስቀመጥ ነው። ሽታው አንዴ ከመጣ በኋላ ማሞቅ አያጠፋውም።

4. ማን ይስጥ?

እናት አትስጥ። አባት፣ አያት፣ ሞግዚት፣ ማንም ቢሆን ልጁን በቀን የሚይዘው ሰው ቢሆን ይሻላል። እናት በሚሰጥበት ሰዓት ሌላ ክፍል ሳይሆን ከቤት ውጭ ትሁን፤ ሱቅ ድረስ ደርሳ ትመለስ። ልጅ በግድግዳ ማዶ ድምፅ ይለያል። "እሺ በል ማሙሽ" እያለች በር ላይ የምትቆም እናት ልምምዱን ታበላሻለች።

የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን። በአንድ ከሰዓት አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት እየተፈራረቁ ሲሞክሩ ልጁ ጡጦውን ሳይሆን ግርግሩን ነው እምቢ የሚለው። አያት "እኔ ስድስት አሳድጌያለሁ" ብላ አፍንጫ ይዛ ለማስዋጥ ወይም ጎማውን ስኳር ወይም ማር አስነክታ ለመስጠት ካሰበች በአክብሮት ግን በጥብቅ ከልክሉ። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ስኳር የተቀባ ጎማ ደግሞ ነገ ያለ ስኳር አይገባም።

5. ከ1ኛ እስከ 3ኛ ቀን፦ ጎማው ብቻ

ጡጦው ባዶ ነው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ልጁ ከጠባ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ነቅቶና ፊቱ ፈክቶ ሲጫወት፦

- ጎማውን በሞቀ ውኃ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ሲሊኮን በምላስ ላይ ያስደነግጣል።
- ጫፉን የእናቱ ወተት አስነኩት።
- የታችኛውን ከንፈሩን ነካ ነካ አድርጉ፣ ጠብቁ። አፉን ካልከፈተ አታስገቡ።
- ሲከፍት ይያዘው፣ ያኝከው፣ በድዱ ይጫወትበት። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ አንሱ።

እየሳቀ እያለ ማንሳት ነው ጥበቡ። "ጥሩ እየሄደ ስለሆነ ትንሽ እንጨምር" የሚለው ሐሳብ እስኪያለቅስ ድረስ ያደርሳል፤ ልጁም የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው።

6. ከ4ኛ ቀን ጀምሮ፦ 15 ሚሊ

15 ሚሊ ትኩስ የታለበ ወተት ጨምሩ። ሰዓቱ ከጠባ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ የሚቀጥለው ጡት ከመድረሱ በፊት ይሁን። ትንሽ ያማረው እንጂ የራበው አይሁን። የራበ ሕፃን አዲስ ነገር አይማርም፤ የሚያውቀውን ነው የሚፈልገው።

አሰጣጡ እንዲህ ነው፦

1) ቀና አድርጋችሁ ታቀፉት። ጀርባው በክንዳችሁ ተደግፎ ጭንቅላቱ ከሆዱ በደንብ ከፍ ይበል። በጀርባው አንጋሎ መስጠት ትን ያስብላል። እንደ ጡት አጠባብ ወደ ደረት አስጠግታችሁ አትያዙት፤ ጡት ይፈልግና ይናደዳል።

2) ጎማውን ከአፍንጫው ሥር ወደ ታችኛው ከንፈር አውርዱ። አፉን በሰፊው ሲከፍት ጫፉን ወደ ላንቃው አቅጣጫ አስገቡ፣ ከንፈሮቹ በሰፊው የጎማ ክፍል ላይ እስኪዘረጉ ድረስ። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ከታጠፈ በጣታችሁ አውጡለት። ጫፉን ብቻ ከያዘ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ።

3) ጡጦውን ከመሬት ጋር ትይዩ (አግድም) አድርጉ፤ ቀጥ አድርጋችሁ አትድፉት። ወተቱ የጎማውን ግማሽ ያህል ብቻ ይሙላ። ብዙ ሰው "አየር ይገባበታል" ብሎ ይደፋዋል። ቀና ያለ ልጅ ጥቂት አየር ቢውጥ ያገሳዋል፤ ሳይጠባ የሚወርድ ወተት ግን ለመተንፈስና ለመዋጥ ጊዜ አይሰጠውም።

4) አንገቱን አድምጡ። ጠባ ጠባ፣ ዋጠ፣ ተነፈሰ፤ ይህ ምት መሰማት አለበት። ሳይተነፍስ ተከታታይ የመዋጥ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ዓይኑ ከፈጠጠ፣ ጣቶቹን ከበተነ ወይም ከከንፈሩ ጥግ ከፈሰሰ ፍጥነቱ በዝቶበታል። ጎማውን ሳታወጡ የጡጦውን የኋላ ጫፍ ዝቅ አድርጉት፣ ወተቱ ከጎማው ይመለሳል፣ ይረፍ።

5) በየ20 ጊዜ መዋጥ ገደማ ማረፊያ ስጡት። በመሃል ክንድ ቀይሩ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ልክ ጡት እንደሚቀየረው።

6) አስገሱት። ትከሻ ላይ ወይም ቁጭ አድርጋችሁ ጀርባውን ከታች ወደ ላይ አሹ።

60 ሚሊ ለመጠጣት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢወስድ ልክ ነው። በ5 ደቂቃ የጨረሰ ልጅ ጎበዝ ተብሎ ይሞገሳል፤ ግን ፈጣን ፍሰት የለመደ ልጅ ማታ ጡት ላይ "ለምን አይመጣም" ብሎ ያለቅሳል፣ ጡት እስከ መተው ሊያደርሰው ይችላል።

ከያዘ በየሁለት ቀኑ በ15 ሚሊ ጨምሩ፦ 30፣ 45፣ 60። ጨርሶ ካልያዘ ከ10 ደቂቃ በላይ አትሞክሩ። ማልቀስ ከጀመረ ወዲያው አቁሙ፣ አባብሉ፣ እናቱ መጥታ ከማጥባቷ በፊት ቢያንስ 10 ደቂቃ ይለፍ። ለቅሶውና ጡቱ ከተከታተሉ ልጁ "ካለቀስኩ ጡት ይመጣል" የሚለውን በሁለት ቀን ይማራል።

ጡጦውን በትራስ አስደግፋችሁ ልጁን አስተኝታችሁ አትሂዱ፤ አንድ ደቂቃም ቢሆን።

7. እምቢ ሲል

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ሞክሩ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። በአንድ ቀን ጎማ፣ ሰው፣ ሰዓትና ወተት ከቀየራችሁ የሠራውን አታውቁትም።

በምላሱ ይገፋዋል፣ ግን አያለቅስም። ገና እያወቀው ነው። ወደ 5ኛው ክፍል ተመለሱ፣ ሁለት ቀን ይጫወትበት።

ያኝከዋል እንጂ አይጠባም። ከሦስት ወር በላይ በሆነ ልጅ የተለመደ ነው። አስቀድማችሁ ንጹሕ ጣታችሁን እንዲጠባ ስጡት፤ መጥባት ሲጀምር ጣቱን በጎማው ተኩ። ሌላው መንገድ ገና ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ዓይኑ ሳይከፈት መስጠት ነው። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳያስብበት ይጠባል። ሙሉ በሙሉ ለተኛ ልጅ ግን አትስጡ።

ገና ጡጦውን ሲያይ ያለቅሳል። በኃይል የተሰጠው ልጅ እንዲህ ይሆናል። ሦስት ሙሉ ቀን ጨርሶ አታሳዩት። ከዚያ ከ1ኛው ቀን ጀምሩ፣ ቦታውንም ቀይሩ፤ ሶፋው ላይ ከነበረ አሁን በረንዳ ላይ፣ ቆማችሁ እየተንጎራደዳችሁ፣ ጀርባውን ወደ ደረታችሁ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ። የሚያየው ነገር ሲኖር አፉን ይረሳዋል።

ጥቂት ይጠባና ይናደዳል። ፍሰቱ ዘግቶበት ይሆናል። ጎማው ተጨፍልቆ ከተጣበቀ ቀለበቱ በጣም ጠብቋል፤ ሩብ ዙር አላሉት። ካልሆነ ብቻ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጎማ ሞክሩ።

ትን ይለዋል፣ ያስለዋል። ዝግተኛ ጎማ፣ ቀና ያለ አቀማመጥ፣ ትይዩ ጡጦ። ሦስቱም ተስተካክለው በየጊዜው ትን ካለው ሐኪም ይየው።

የነጠላው ነገር። እናቱ የለበሰችውን ነጠላ በትከሻ ላይ ጣል አድርጎ መስጠት አንዳንዱን ልጅ ያረጋጋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ጡት ፍለጋ ያስጀምራል። አንድ ቀን ከነጠላው፣ በማግስቱ ያለ ነጠላው ሞክሩና የልጃችሁን ጠባይ እዩ።

በአንድ ወቅት ይይዝ የነበረ ልጅ ድንገት ጡጦም ጡትም ከገፋ አፉን በብርሃን እዩ። በምላሱ ወይም በጉንጩ ውስጥ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ነገር ካለ የአፍ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ጆሮውን እየነካ የሚያለቅስ ከሆነም ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሲውጥ የሚያመው ልጅ በልምምድ አይድንም።

8. ጡጦ ባይሆንስ? ስኒ

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ልጅ የግድ ጡጦ መያዝ አለበት ማለት አይደለም። የጤና ባለሙያዎች ከጡጦ ይልቅ ስኒ የሚመክሩበት ምክንያት አለ፦ ስኒ ድብቅ ጥግ የለውም፣ በቀላሉ ይታጠባል፣ ተቅማጥ የሚያመጣ ቆሻሻ አይቋጠርበትም። ውኃ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሥራ ለመግባት አንድ ሳምንት ቀርቶት ጡጦ እምቢ ያለ ልጅ ካላችሁ ወደዚህ ተሻገሩ።

ጆሮ የሌለው፣ ከንፈሩ ለስላሳ የቡና ስኒ ውሰዱ። ስንት እንደሚይዝ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውኃ እየጨመራችሁ ለኩና አስታውሱት፤ ሞግዚቷም "አንድ ስኒ ተኩል" ስትል ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ልጁን ቁጭ አድርጉ፣ እጆቹን በጨርቅ በስሱ ጠቅልሉ (አለበለዚያ ስኒው ይገለበጣል)፣ አገጩ ሥር ፎጣ አድርጉ። የስኒውን ጠርዝ በታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፉ፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ድረስ ብቻ አዘንብሉ። አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ ትን የሚለው ያኔ ነው። ሕፃኑ በምላሱ ይልሳል፣ ትንሽ ትልቅ የሆነው ይመጠዋል። ሲያርፍ ስኒውን ከከንፈሩ ሳታነሱ ጠብቁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙው ወተት ፎጣው ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ ለመለማመጃ ከ10 ሚሊ በላይ አትቅዱ።

ለስድስት ወር የቀረበ ልጅ ጡጦ ማስለመድ ሥራ ማብዛት ነው፤ ከመጀመሪያው ስኒ ስጡት።

ጡጦም ሆነ ስኒ ውስጥ የሚገባው የታለበ የእናት ወተት ነው። ከስድስት ወር በፊት ውኃ፣ የአብሽ ውኃ፣ አጥሚት፣ የላም ወተት አይገባም። የታለበው አልበቃ ካለና በጤና ባለሙያ ምክር የዱቄት ወተት ከጨመራችሁ በቆርቆሮው ላይ ባለው ልኬት ብቻ በጥብጡ፤ "እንዲቆይልን" ብሎ ማቅጠን ልጁን ይጎዳዋል።

9. መቼ ልምምዱን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ?

- በ24 ሰዓት ውስጥ ከስድስት ያነሰ ዳይፐር ወይም ጨርቅ ካረጠበ፣ ሽንቱ ከጠቆረ።
- እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ አፉ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ካቆመ።
- ጡትም ጭምር እምቢ ካለ ወይም ለመጥባት አቅም ካጣና እንቅልፍ ካበዛ።
- ከሦስት ወር በታች ሆኖ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰው።
- ሲጠጣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፤ ይህ ለነገ አይባልም።
- ጡት ላይም ሲጠባ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለና ኪሎ ካልጨመረ፤ ምላሱ ከሥር ታስሮ ሊሆን ይችላል።

"ሲርበው ይይዘዋል" ብሎ ቀኑን ሙሉ ማስራብ አይሠራም፤ የሦስት ወር ልጅን ያደክማል፣ ያደርቃል።

10. የሥራው ሳምንት

ልጁ በቀን 60 ሚሊ ከያዘ ተለይታችሁት መዋልን ሞክሩ፤ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ለሦስት ሰዓት፣ ከዚያ ለስድስት ሰዓት ውጡ።

የሚያስፈልገውን ወተት ለማስላት እናት በሌለችበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ከ30 እስከ 45 ሚሊ ቁጠሩ። ጠዋት 1:30 ወጥታ ማታ 12 ሰዓት የምትመለስ እናት ከ315 እስከ 470 ሚሊ ትተዋለች፤ በአንድ ጊዜ ከ60 እስከ 120 ሚሊ እየተሰጠ። ከአንድ እስከ ስድስት ወር ያለ የጡት ልጅ በቀን የሚፈልገው ብዙም አይጨምርም፣ በአማካይ 750 ሚሊ ገደማ ነው። ስለዚህ ሞግዚቷ "ጨረሰ፣ ተጨማሪ ስጡኝ" ስትል መጀመሪያ የጎማውን ፍጥነት ፈትሹ።

ሥራ ቦታ በየሦስት ሰዓቱ አልቡ። የሕፃናት ማቆያ ያለው መሥሪያ ቤት ከሆነ ልጁን ይዛችሁ መሄድ ይህን ሁሉ ጣጣ በግማሽ ይቀንሳል።

አንዳንድ ልጅ ቀን 100 ሚሊ ብቻ ቀማምሶ እናቱን ይጠብቃል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ይጠባል። ዳይፐሩ የሚረጥብ፣ ኪሎው የሚጨምር ከሆነ አስጊ አይደለም፤ የሚደክመው የእናት ወገብ ነው። ማታ ቀደም ብላችሁ ተኙ።

ለሚይዘው ሰው በወረቀት ጻፉለት፦ ስንት ሚሊ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ዳይፐር። ከመውጣታችሁ በፊት አጥቡ። ደግሞም "ልመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረኝ ጡጦ አትስጪው" ብላችሁ አደራ በሉ። መቆየት አቅቶት ከተነጫነጨ 15 ሚሊ ይቅመስና ይጠብቃችሁ፤ ጫማችሁን እንዳወለቃችሁ ጡቱን ይፈልገዋል።